አሸዋ 5,170 ሜትር በሰከንድ ይሮጣል? ጉድጓድ ውስጥ የተቀዳ ሳይዝሚክ ዳታ ላይ እርዱኝ

ከርሰ_ምድር
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የጂኦፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

መምህራችን ለልምምድ የአንድ ጉድጓድ ቪኤስፒ ዳታ ሰጡን፤ ሞገዱ ምድር ላይ ተነሥቶ ጉድጓድ ውስጥ በየጥልቀቱ የሚቀዳበት ማለት ነው። የት አገር እንደተቀዳ ሆን ብለው አልነገሩንም። የምናውቀው ይህን ነው። የሞገዱ ምንጭ ምድር ላይ ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ 40 ሜትር ይርቃል። ንቅናቄውን የሚሰማው መሣሪያ፣ ጂኦፎኑ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከ300 ሜትር ጥልቀት እስከ 1,200 ሜትር፣ በየ15 ሜትሩ እየቆመ ቀድቷል። ጉድጓዱ እስከ ታች ድረስ ኬሲንግ ገብቶለታል። ቆፋሪዎቹ ከጭቃው ጋር የወጣውን የአለት ፍርፋሪ መዝግበዋል። ከላይ እስከ ታች አሸዋ፣ ሸክላ፣ አሸዋ፣ ሸክላ ነው የሚለው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ከ300 እስከ 510 ሜትር ባለው ክፍል ሞገዱ 15 ሜትሩን በ2.9 ሚሊሰከንድ ያቋርጠዋል። ሳሰላው ወደ 5,170 ሜትር በሰከንድ መጣልኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን 5.8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ማለትም 2,590 ገደማ። አሸዋና ሸክላ እንዴት ሆኖ 5,170 ይሮጣል? እኔ የደረስኩበት መልስ "ፍርፋሪው ላይ ያልታየ የባዛልት ንጣፍ አለ" የሚል ነው። የአገራችንን አለት ስለለመድኩ ይሆናል። ልቤ ግን አልተቀበለውም። 210 ሜትር ውፍረት ያለው ባዛልት ቆፋሪ ሳያየው ያልፋል? እባካችሁ።

አንባቢ_77
ይቅርታ፣ ከጥያቄው ላወጣችሁ ነው። የሙያው ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሳይዝሚክ ማለት መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ፣ ላይ በተዘረጉ ጂኦፎኖች የሚቀዳው አይደለም እንዴ? ጂኦፎኑን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ለምን አስፈለገ? ጉድጓዱ አንዴ ከተቆፈረ አለቱን አዩት አይደል?

የድሬ_ልጅ
አንባቢ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁንም ስለሚጠቅመው ከዚሁ ልጀምር። ገልፍ ውስጥ ነዳጅ ጉድጓዶች ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

ላይ የሚቀዳው ሳይዝሚክ የሚሰጥህ ጊዜን ነው። ሞገዱ ወርዶ፣ አለት ነክቶ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ ፈጀ የሚለውን። ቆፋሪ ደግሞ የሚፈልገው ሜትር ነው። በመሃል ያለው ፍጥነት ነው፤ እሱን ካላወቅህ ሜትሩን ትገምታለህ። ለምሳሌ ደርሶ መልስ 1.5 ሰከንድ የፈጀ ሞገድ አለ እንበል። ፍጥነቱ 2,800 ከሆነ አለቱ 2,100 ሜትር ላይ ነው። 3,000 ከሆነ 2,250 ላይ። ትንሽ የምትመስል ስህተት 150 ሜትር ወሰደችህ። ጂኦፎኑን ጉድጓዱ ውስጥ ካወረድህ ግን ጥልቀቱን በገመዱ ርዝመት ታውቀዋለህ፣ ጊዜውን ትቀዳለህ፣ ፍጥነቱ አብሮ ይወጣል። ግምት የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የላይኛው አፈር ነው። የላላ፣ በአየር የተሞላ አፈር ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ላይ ስትቀዳ ሞገዱ በዚያ አፈር ሁለቴ ያልፋል፣ ሲወርድና ሲመለስ። ጂኦፎኑ ታች ከሆነ አንዴ ብቻ። ምንጩም ጂኦፎኑም ታች ከሆኑ ጨርሶ አይነካውም። ግድግዳ ጀርባ ሆነህ ወሬ ከመስማትና እልፍኝ ገብተህ ከመስማት ጋር አንድ ነው።

"አለቱን አዩት" ላልከው፣ ያዩት የጉድጓዱን ስፋት ያህል ነው። አንድ ስንዝር ገደማ። ከጉድጓዱ 100 ሜትር ወዲያ ምን እንዳለ ፍርፋሪው አይነግርህም።

ከርሰ ምድር፣ አሁን ወዳንተ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሲሚንቶ ሎግ፣ ማለትም ሲሚንቶው ኬሲንጉን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየው መዝገብ፣ ተሰጥቷችኋል?

ከርሰ_ምድር
አልተሰጠንም ጋሼ። ከጂኦፎኑ ዳታ፣ ከፍርፋሪው መዝገብና ከኬሲንጉ መጠን ሌላ ምንም የለንም። ሲሚንቶው ከፍጥነቱ ጋር ምን አገናኘው?

የድሬ_ልጅ
ሁሉንም ነገር።

ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ልጆች ሆነን የባቡር ሐዲዱ ላይ ጆሯችንን እንለጥፍ ነበር። ባቡሩ ገና በዓይን ሳይታይ፣ በአየርም ሳይሰማ፣ ብረቱ መምጣቱን ይነግረናል። ሞገድ በአየር 340 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው የሚሄደው። በብረት ዘንግ ደግሞ ከ5,000 በላይ።

አሁን ያንተን ቁጥር እየው። 5,170። ይህ የብረት ቁጥር ነው።

ኬሲንግ ማለት የብረት ቧንቧ ነው። በእሱና በአለቱ መሃል ሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው ጥሩ ከያዘ ብረቱና አለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ሞገዱ በአለቱ በኩል ሲመጣ ብረቱ አብሮ ይነቃነቃል፤ ጂኦፎኑም አለቱን ይሰማል። ሲሚንቶው ከሌለ ወይም ካልያዘ ግን ቧንቧው እንደ ሐዲድ ራሱን ችሎ ይንቀጠቀጣል። ከላይ የተነሣው ሞገድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብረቱን ይመታል፣ በብረቱ ይወርዳል፣ አለቱን ቀድሞ ጂኦፎኑ ጋ ይደርሳል። አንተ "የመጀመሪያው መድረሻ" ብለህ የያዝከው እሱን ነው።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው እኔ ራሴ ስለወደቅኩበት ነው። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ ሳለሁ እንዲህ ያለ ዳታ መጣልኝ። ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ነው ብዬ ጻፍኩ። ፍጥነቱ ወደ ሞዴሉ ገባ። የቀጣዩ ጉድጓድ ትንበያ በዚያ ላይ ተሠራ። ፍጥነቱን ከልክ በላይ ስላበዛሁት አለቱ ከእውነተኛው ቦታ በታች የሚገኝ አስመሰለ። ሲቆፈር ጋዝ ያለበት ንጣፍ ከጠበቅነው 70 ሜትር ቀድሞ መጣ። ጭቃው ላይ ጋዝ ታየ፣ ቁፋሮው ቆመ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን የዚያን ቀን ሌሊት እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶ ሎግ ሳላይ አንድ ፍጥነት ጽፌ አላውቅም።

መረሬ
የሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ የአፈርና የመሠረት ሥራ ላይ። ጋሼ ያሉት እኛም ጋ በትንሹ አለ። ለሕንፃና ለግድብ መሠረት ሁለት ወይም ሦስት ጉድጓድ በ3 ሜትር ርቀት እንቆፍራለን። አንዱ ውስጥ እንመታለን፣ ሌሎቹ ውስጥ እንሰማለን። የምንፈልገው የኤስ ሞገድን፣ መሬቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘውን፣ ፍጥነት ነው። የላይኛው 30 ሜትር አማካይ ከ180 ሜትር በሰከንድ በታች ከሆነ አፈሩ ለመሬት መንቀጥቀጥ በጣም የላላ ነው ማለት ነው። ከ360 በላይ ከሆነ እፎይ እንላለን። የአዲስ አበባን መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምንጨነቅ ይገባዋል። የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ እዚህ ድረስ ፎቁን ሲያወዛውዝ ጭንቀቱ የሁሉም ሆኗል።

እኛ የምናስገባው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ ስለዚህ እንደ ብረት አይሮጥም። ግን በቧንቧውና በአፈሩ መሃል ያለው ሙሌት ካልያዘ ዳታው ዋጋ የለውም። ተቋራጩ ሙሌቱን ለመቆጠብ ሲሞክር እዚያው ቆሜ የማስቆመው ለዚህ ነው። ሙሌት ላይ የተቆጠበ ብር ኋላ ዳታው ላይ ይከፈላል።

ሂዩስተን_ያለችው
ከርሰ ምድር ወንድሜ፣ ጋሼ ያሉት ትክክል መሆኑን ያለ ሲሚንቶ ሎግም ማጣራት ትችላለህ። ዳታው ውስጥ ምስክሩ አለ።

አለቱ እውነት ፈጣን ከሆነ የጊዜው መስመር ይታጠፋል እንጂ አይዘልም። ፈጣኑ ንጣፍ ሲያልቅ ሞገዱ ከደረሰበት ጊዜ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ብረት ከሆነ ግን ሲሚንቶው የሚጀምርበት ጥልቀት ላይ የብረቱ ሞገድ ይደክማል፤ በአለቱ በኩል በራሱ መንገድ ሲመጣ የነበረው ሞገድ ገና አሁን ይታያል። እሱ ደግሞ ዘግይቶ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ጥልቀቶች መሃል ትልቅ የጊዜ ዝላይ ታገኛለህ። 510 እና 525 ሜትር ላይ ጊዜው ስንት ነው?

ሌላም ምልክት አለ። የብረቱ ሞገድ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ቶሎም አይቆምም። ደወል ሲመታ እንደሚያቃጭለው ያቃጭላል። ትሬሶቹን፣ በየጥልቀቱ የተቀዱትን የሞገድ መስመሮች፣ በዓይንህ እያቸው። ሶፍትዌሩ የያዘልህን ነጥብ ብቻ አትመን።

ከርሰ_ምድር
እህቴ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

300 ሜትር ላይ 108 ሚሊሰከንድ። 510 ላይ 149። 525 ላይ 250!

15 ሜትር ለማቋረጥ 101 ሚሊሰከንድ። ይህ 150 ሜትር በሰከንድ እንኳ አይሞላም። በአየር ከሚሄድ ድምፅ ያንሳል። ያን ነጥብ የተበላሸ መስሎኝ ከስሌቱ አውጥቼው ነበር። ሶፍትዌሩም ቀይ አድርጎት ነበር። ትሬሶቹንም ከፍቼ አየሁ። ከ510 በላይ ያሉት ሁሉ ያቃጭላሉ። ከ525 በታች ንጹሕ ነው፤ አንድ ጠንካራ ምት ብቻ።

ባዛልቴ ጠፋ። ግን ከላይ ያለው 210 ሜትር አሁን ምን ይሁን? ልጣለው?

ሂዩስተን_ያለችው
አትጣለው። የአለቱ ሞገድ እዚያም አለ፣ በብረቱ ጫጫታ ተሸፍኖ ነው። ቀጭኑን ድምፅ በፊልተር ቀንስ። ከ525 ወደ ላይ እየተመለስክ የዘገየውን ሞገድ ተከተል። የተወሰኑ ጥልቀቶች ላይ ሊታይህ ይችላል። ካልታየህ ደግሞ 525 ላይ ያለው ጊዜ እውነተኛ ስለሆነ ከምድር እስከ 525 ያለውን አማካይ ፍጥነት ከእሱ ታገኛለህ፤ ወደ 2,100 ይመጣልሃል። ዝርዝሩን ታጣለህ፣ ድምሩን ግን አታጣም። ሪፖርትህ ላይ "ከ300 እስከ 510 ዝርዝር የለም፣ ምክንያቱም ኬሲንጉ አልተያዘም" ብለህ ጻፍ። በግምት ከመሙላት ባዶውን ባዶ ማለት ይሻላል።

አንባቢ_77
እናንተ ሰዎች፣ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው ያነበብኩት። ጋሼ "ምንጩም ጂኦፎኑም ታች ከሆኑ" ያሉት ነገር አለ። ሁለት ጉድጓድ ማለት ነው?

ሂዩስተን_ያለችው
አዎ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ምንጭ፣ ሌላው ውስጥ መቀበያ። ምንጩን በብዙ ጥልቀት፣ መቀበያውንም በብዙ ጥልቀት እያንቀሳቀስክ መሃሉን በሺህ በሚቆጠር የሞገድ መንገድ ታቋርጠዋለህ። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሲቲ ስካን እንደሚሠራው መሃሉን በስሌት ትሥለዋለህ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሬዲዮ ሥራው የሚታወቀው ሬጂናልድ ፌሰንደን እ.ኤ.አ. በ1917 ውኃ በተሞሉ ጉድጓዶች ውስጥ ድምፅ አሰምቶ ማዕድን ስለመፈለግ የፈጠራ መብት ወስዷል። ከላይ ወደ ታች የሚቀዳውን ቪኤስፒን ደግሞ ጋልፔሪን የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት ነው አሳድጎ መልክ ያስያዘው።

ጥቅሙ ጥራቱ ላይ ነው። በ3,000 ሜትር በሰከንድ አለት ውስጥ 30 ኸርዝ ሞገድ 100 ሜትር ርዝመት አለው። ሩቡን ብንወስድ ከ25 ሜትር የቀጠነ ንጣፍ ለይቶ ማየት ያቅተዋል። በሁለት ጉድጓድ መሃል 500 ኸርዝ መላክ ትችላለህ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ሩቡ ሜትር ተኩል።

እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበችኝ የናጋኦካ ታሪክ ናት። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ድረስ 10,400 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,100 ሜትር ጥልቀት ላይ ጨዋማ ውኃ ወደ ያዘ አሸዋ ድንጋይ ተጨመረ። ንጣፉ 12 ሜትር ገደማ ነው። ጋዙ የት እንደሄደ ለማየት 160 ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት መመልከቻ ጉድጓዶች መሃል ሞገድ እየተላከ በየጊዜው ተሣለ፤ ጋዙ ሳይገባ አንዴ፣ ከገባ በኋላ ደጋግሞ። ከዚያ ኦክቶበር 23 ቀን 2004 በአካባቢው በጃፓን መለኪያ 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። መርጫው በራሱ ቆመ። ጉድጓዶቹና ንጣፉ ተመረመሩ። መፍሰስ አልታየም። ሥራው ቀጠለ። ከዚያ በኋላም ሥዕሉ ላይ ጋዙ የገባበት ቦታ ይታይ ነበር። ሰው ከእግሩ በታች አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ነገር በዚያ ሰዓት መጠየቅና መልስ ማግኘት መቻሉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የድሬ_ልጅ
ጥሩ ምሳሌ ነው እህቴ። ግን ልጆቹ ሥዕሉን እንደ ፎቶ እንዳያዩት አንድ ነገር ልጨምር። ናጋኦካ ላይ የሁለት ጉድጓዱ ሥዕል ያሳየው የፍጥነት ቅነሳ ወደ 3 በመቶ ነበር። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የወረደው ሶኒክ ሎግ (የግድግዳውን አለት ፍጥነት በቅርበት የሚለካው መሣሪያ) ያሳየው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሥዕሉ ያደበዝዛል። ቀጭኗን ንጣፍ ከጎረቤቶቿ ጋር ቀላቅሎ ያለሰልሳታል። ቦታውን አምነዋለሁ፤ መጠኑን አላምነውም።

ሂዩስተን_ያለችው
እስማማለሁ ጋሼ። ሌላም ገደብ አለ። ውኃ በጋዝ ሲተካ ፒ ሞገድ፣ አለቱን እየጨመቀና እየለቀቀ የሚሄደው፣ ይዘገያል፤ ኤስ ሞገድ ግን ብዙም ግድ የለውም፣ ፈሳሽ ኤስ ሞገድን አይሸከምምና። ሁለቱን ካነጻጸርክ አለቱ ነው ወይስ ፈሳሹ የተለወጠው የሚለውን ትለያለህ። ችግሩ፣ ጋዙ ከውኃው ጋር በደንብ ተቀላቅሎ ከተቀመጠ የመጀመሪያዋ ጥቂት ጋዝ ናት አብዛኛውን ቅነሳ የምታመጣው። ከዚያ በኋላ ብትጨምር ፍጥነቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ 10 በመቶና 60 በመቶ ጋዝ ያለው አለት ተመሳሳይ ሊመስልህ ይችላል። "ጋዝ አለ" ማለት ቀላል ነው፤ "ይህን ያህል አለ" ለማለት ሌላ መረጃ ያስፈልጋል።

የላንጋኖ_መንገደኛ
ከጀርባ ሆኜ ስከታተል ነበር። አሉቶ ላንጋኖ ላይስ ይሠራል? የእንፋሎት ጉድጓዶቹን በመንገድ ሳልፍ አያቸዋለሁ። ውኃው የት እንዳለ እንዲህ ማየት ቢቻል ድርቅ ያለ ጉድጓድ መቆፈር ይቀር ነበር።

የድሬ_ልጅ
ምኞትህ ምኞቴ ነው። ግን ከባድ ነው። አሉቶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ጥልቁ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የተወሰኑት ውስጥ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ያልፋል። የተለመደው የጉድጓድ መሣሪያ ኤሌክትሮኒክሱ 175 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው ገደቡ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ይቃጠላል፣ ወይም ሙቀት መከላከያ ለብሶ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ እንደ ከርሰ ምድር አሸዋና ሸክላ የተነባበረ አይደለም። እሳተ ገሞራ አለት ነው፣ ውኃው ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ ነው የሚሄደው። ሞገዱ በየስንጥቁ ይበታተናል። ጠፍጣፋ ንጣፍን ማየትና ቆሞ የተሰነጠቀን አለት ማየት አንድ አይደሉም።

ሂዩስተን_ያለችው
ሙቀቱን በተመለከተ ፋይበር ተስፋ አለው። ለኢንተርኔት እንደሚዘረጋው ያለ የመስታወት ገመድ ነው። ከኬሲንጉ ውጭ ከሲሚንቶው ጋር አብሮ ይቀበራል። ከላይ የሌዘር ምት ትልካለህ፤ ከመስታወቱ ውስጥ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ብርሃን ይመለሳል። ሞገድ ሲያልፍ ገመዱ በጥቂቱ ይሳባል ወይም ይጨመቃል፤ የሚመለሰው ብርሃን ይህን ይናገራል። ታች ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለም። ልዩ ሽፋን ከተደረገለት ከተለመደው ጂኦፎን የበለጠ ሙቀት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ዩታ፣ ፎርጅ በሚባለው የከርሰ ምድር ሙቀት ምርምር ጣቢያ ላይ በጋለ ግራናይት ጉድጓዶች ውስጥ ተሠርቶበታል። እንከኑ፣ ገመዱን በጎኑ የሚመታውን ሞገድ አይሰማም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው በርዝመቱ የሚመጣውን ነው።

ፋይበሩን ግን ጉድጓዱ ሳይዘጋ ነው ማሰብ ያለብህ። ሲሚንቶው አንዴ ከደረቀ ከውጭ ማስገባት አይቻልም። አገር ቤት አዲስ የእንፋሎት ጉድጓድ በሚታቀድበት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ይህን ቢያነሣ ደስ ይለኛል።

መረሬ
ሲሚንቶውም በደንብ ይሞላ በሉልኝ።

ከርሰ_ምድር
ዛሬ መምህራችን ጋ ሄድኩ። ዝላዩን አሳየኋቸው። ምንም ሳይናገሩ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። የሲሚንቶ ሎጉ ነበር። ሲሚንቶው የሚጀምረው 518 ሜትር ላይ ነው።

ከ26 ተማሪ ሎጉን የጠየቀ እስካሁን እንዳልነበረ ነገሩኝ። ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የዘገየውን ሞገድ ከ525 ወደ ላይ እየተከተልኩ ነው። እስከ 435 ድረስ አግኝቼዋለሁ፤ 2,400 አካባቢ ነው የሚሄደው። አሸዋ ነው።